በገለባ የታሰረች አውሮፕላን

በጃፓን ንጉሠ ነገሥት በሾዋ ዘመን 18ኛ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1943)፣ በ10ኛው ወር፣ ቀን 9
ከኮማኪ

ለተከበሩት ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ቶኩዞ፤

ሩዙ ታጭዶ ማሳው ራቁቱን በቀረበት በዚህ ሰሞን፣ እርስዎ ባሉበት በሞቃቱ አገር ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ቤት ጉንፋን እንኳ አልገባም። የአያቶቻችን መንፈስ ቀን ከፀሐይ፣ ሌት ከወባ ይጠብቅዎ።

ደብዳቤ መጻፍ አልችልበትም። አራተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩ ያውቃሉ። አባባ ግን ትናንት፣ «የወንድሜን ልጅ አሳድጌ ለባሕር ኃይል ከሰጠሁ በኋላ ዝም ልበለው? አፍ ባይኖርሽም እጅ አለሽ፤ ጻፊለት» አሉኝ። እጄም ቢሆን ግራ ነው፤ እሱንም ያውቃሉ።

አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ኩማ እንደሆነ ስለማውቅ በእሱ ልጀምር። ኩማ ደህና ነው። ከጥጃነቱ በእጅዎ እየመገቡ ያሳደጉት በሬ ዛሬ በመንደሩ የሚስተካከለው የለም። ጥቁረቱ ያበራል። አሁንም ከቀኝ ቀንዱ ሥር ሲያኩለት ዓይኑን ይጨፍናል።

አዲስ ሥራ አግኝቷል። ባሕሩ ዳር ካለው ፋብሪካ የሚወጡትን ተዋጊ አውሮፕላኖች እስከ ካካሚጋሃራ ሜዳ የሚጎትተው እሱ ነው። ፋብሪካው አጠገብ መነሻ ሜዳ የለም። በመኪና ሲሞክሩት መንገዱ እያንገጫገጨ አካላቸውን ጎዳው አሉ። በሬ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አውሮፕላኗን ለሁለት ይከፍሏታል፤ ክንፎቿ ያሉበት የፊቷ ክፍል በአንድ ጋሪ፣ ጭራዋ በሌላ ጋሪ ይጫናል። ጭራው የኩማ ድርሻ ነው። ነጭ ሸራ ስለምትከናነብ ነጂዎቹ «ሙሽራዋ» ይሏታል። አባባ ልጅ ሳሉ ያዩዋቸው አውሮፕላኖች ክንፍ በክንፍ ላይ የተደረበባቸው ነበሩና ይቺን አንድ ክንፍ ብቻ ያላትን ሲያዩ፣ «ሁለተኛውን ክንፍ ለኩማ እራት አበሉት እንዴ?» ብለው ሁሉንም አሳቁ። ደግሞም፣ «ሰማይ ላይ ነፋስ የማይደርስባት፣ ምድር ላይ የበሬ ጭራ እያየች ትሄዳለች» ይላሉ።

እኔም አብሬ እሄዳለሁ። የመንገዱ ድንጋይ የኩማን የገለባ ጫማ ቶሎ ስለሚጨርሰው እየጎነጎንኩ እቀይርለታለሁ። የጭራው ክፍል ከፊት በኩል እንደ በርሜል ክፍት ስለሆነ ውስጡ ገብቼ እንዳይንቀሳቀስ በገለባ ገመድ የማስረውም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይገባበትም። ውስጡ ጨለማ ነው፣ አዲስ ቀለም ይሸታል፣ ማንም አያናግረኝም። ደስ ይለኛል።

አባባ ግን ገመዴን ባዩ ቁጥር ይቆጣሉ። በግራ እጄ ስለምገምደው ወደ ግራ ይዞራል። «በግራ የሚገመደው የመቅደስ ደጃፍ ገመድ ነው! አንቺ ለአማልክት የሚገመደውን በበሬ እግር ታስረግጫለሽ?» ይሉኛል። በቀኝ ስሞክረው ደግሞ ይፈታብኛል።

እርስዎ እነዚህን አውሮፕላኖች ስለሚጠግኑ ምናልባት ኩማ የጎተታት አንዷ እጅዎ ትገባ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ኑይ


በ18ኛው ዓመት፣ በ12ኛው ወር፣ ቀን 15
ከደቡብ፣ ስፍራው የማይጠቀስ

ለእህቴ ለኑይ፤

እዚህ ክረምት የሚባል የለም፤ ዛፉ ሁሉ እንደ ሰነፍ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ አንድ ልብስ ለብሶ ይቆማል። አንቺና አጎቴ ግን ብርዱ በሩቅ ይለፋችሁ። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ የደብዳቤ መርማሪዎቹ ግማሹን በጥቁር ቀለም አጥፍተውት ነበር። አንቺ ሞኝ! ለፀሐይ ይዤ ነው ያነበብኩት። ከእንግዲህ ስሟን አትጥሪ፤ «ሙሽራዋ» በያትና ይበቃል። እኔም የሙሽሮቹ ሚዜ ነኝ። አለብሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ ሲታመሙ ሆዳቸውን ከፍቼ አያለሁ።

አሁን የምነግርሽን ነገር ቁጭ ብለሽ ስሚ። ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ሙሽራ መጣች። የጀርባዋን መክፈቻ ከፍቼ እጄን ስሰድ አንድ ብሎን ላይ የተንጠለጠለ የገለባ ገመድ ቁራጭ አገኘሁ። ወደ ግራ የተገመደ። ከአገማመዱ አወቅሁት። አሸተትኩት፤ የቤታችን ጎተራ ይሸት ነበር። እዚያው የተከፈተ ሆዷ ውስጥ ጭንቅላቴን አስገብቼ ቆየሁ፤ ጓደኞቼ ሥራ ላይ ያለሁ መሰላቸው።

ስወጣ ሁሉም ገመዱን አዩ። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። በግራ የተገመደ ነዋ፤ ከትልቅ መቅደስ የመጣ በረከት መሰላቸው። «የእህቴ የበሬ ጫማ ነው» ልላቸው ፈለግሁ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት።

የደረቀ የቴምር ፍሬ ካለ ላኪልኝ። ኩማ እንዴት ነው? ቀንዱን እከኪልኝ።

ወንድምሽ ቶኩዞ


በ19ኛው ዓመት፣ በ1ኛው ወር፣ ቀን 20
ከኮማኪ

ለተከበሩት ለጋሼ ቶኩዞ፤

አዲሱ ዓመት ከበረዶ ጋር ገባ። እርስዎም በረዶ በሌለበት አገር አንድ ዓመት ጨምረዋልና ዕድሜዎ እንደ ጥድ ይርዘም። ካኪ የምንለውን የደረቀ ብርቱካንማ ፍሬ በጨርቅ ሰፍቼ ልኬያለሁ፤ እርስዎ ቴምር ብለው የጻፉት ይህንኑ ካኪ እንደሆነ አባባ ገብቷቸው፣ «ደቡብ አገር ምላሱንም ቀየረው» ብለው ሳቁ።

ኩማ ደህና ነው። እንደሚወደው አክኬለታለሁ።

ደብዳቤዎን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ያ ቁራጭ ሳላውቅ የቀረ ነበር። አሁን ግን ዐውቄ አደርገዋለሁ። ለአዲስ ዓመት የበር ገመድ ስንገምድ የተረፈኝን ገለባ ትንሽ ቀለበት አድርጌ፣ ከሙሽራዋ ጋር ስገባ ከቀሚሷ ጫፍ፣ ሰው ከማያይበት አንጠልጥዬላት እወጣለሁ። በእኔና በኩማ እጅ ለምታልፍ ሁሉ አንዳንድ። የቷ ወደ እርስዎ እንደምትመጣ ስለማላውቅ ማንንም አልዘልም።

አንድ ቀን ሊያዝብኝ ነበር። ሜዳው ላይ ሙሽሮቹን የሚመረምሩት ሽማግሌው ኢዋሴ መብራት ይዘው ገቡና ሳይወጡ ቆዩ። ከኩማ ሆድ ሥር ሆኜ አየኋቸው። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ መክፈቻውንም ዘጉት። ገመዷን አልነኳትም። እሳቸውም እንደ ጓደኞችዎ አስበው ነው። ማንንም አልዋሸሁም፤ ዝም ብቻ ነው ያልኩት። ዝም ማለት ደግሞ ልማዴ ነው።

ኑይ


በ19ኛው ዓመት፣ በ3ኛው ወር፣ ቀን 11
ከደቡብ

ለእህቴ ለኑይ፤

እናንተ ዘንድ የፕሪም አበባ የሚፈነዳበት ጊዜ ነው፤ ስለ እኔም አሽትቱልኝ። ሁላችሁም በሰላም ከርማችሁ ይሆናል። ካኪው ደረሰኝ። ምላሴ ሳይሆን እጄ ነው የሳተው፤ ሙቀቱ ነው፤ ለአጎቴ ንገሪያቸው።

ቀለበትሽም ደረሰች! ሽቦዎቹ ከሚያልፉበት አጠገብ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ላወጣት እጄን ስሰድ የሙሽራዋ ባለቤት ከኋላዬ ያዘኝ። አዋኖ ይባላል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከአሁን አሁን ጢም አወጣሁ እያለ በቀን ሦስት ጊዜ መስተዋት ያያል፤ እኔን በሞተር ዘይት ስለምጨማለቅ «ጋሼ ዘይቱ» ይለኛል።

«ጋሼ ዘይቱ፣ ምን ልትሰርቀኝ ነው?»

«ቆሻሻ ነው፤ ላውጣው።»

«ቆሻሻ? በግራ የተገመደውን? እጅህ ይቆረጥ!»

እውነቱን ነገርኩት። እህቴ ግራኝ መሆኗን፣ በሬያችንን፣ ሁሉንም። የሚስቅብኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አሰበና፣ «መቅደስ ያሉት አማልክት የማንንም ስም አያውቁም፤ እህትህ ግን ቢያንስ ያንተን ስም ታውቃለች። ተዋት እዚያው ትሁን» አለኝ። ተውኳት።

ከዚያ ወዲህ አዋኖ በበረረ ቁጥር ተመልሶ ሲወርድ «ግራኟ አወረደችኝ!» እያለ ይጮኻል። ሌሎቹም ቀኑበት። አሁን አዲስ ሙሽራ ስትመጣ ሁሉም መጀመሪያ ቀሚሷ ሥር ነው የሚያየው። ይህንን ደግሞ ራሱ ጻፍልኝ ስላለኝ ልጨምረው፦ «ለግራኟ እመቤት፤ ከበሬው ጫማ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ቀለበት ለእጄ ብትገምጅልኝ ከጦርነቱ በኋላ መጥቼ በሬሽን አሳርሰዋለሁ። አዋኖ።» ማረስ አይችልም፤ አባቱ ጨርቅ በቀለም ነካሪ ናቸው።

ኩማ እንዴት ነው?

ቶኩዞ


በ19ኛው ዓመት፣ በ4ኛው ወር፣ ቀን 18
ከኮማኪ

ለተከበሩት ለጋሼ ቶኩዞ፤

ቼሪው አብቦ በሁለት ቀን ዝናብ ረገፈ፤ የእርስዎ ጤና ግን አይርገፍ።

ለአቶ አዋኖ ቀለበቱን ገምጄ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ሦስት ጊዜ ፈትቼ ነው የገመድኩት። ጠብቧቸው እንደሆነ መልሰው እንዲልኩት ይንገሯቸው፤ አስተካክለዋለሁ። ኩማም አሳራሽ አያስፈልገውም፤ ማረስ ያውቃል፤ ይህንንም ይንገሯቸው። ወይም አይንገሯቸው። እርስዎ እንዳሰቡት።

ኩማ ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ። ከሰሜን የመጡ ትልልቅ ፈረሶች ጋሪውን በግማሽ ጊዜ ያደርሳሉ እየተባለ ነው። አባባ፣ «ፈረስ ይደነግጣል፤ ሙሽራ የሚያመጣ አይደነግጥም» ይላሉ። ይበሉ እንጂ ፈረሶቹ በመጡ ማግስት በሬዎቹ የት እንደሚሄዱ ማንም አይናገርም።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ኑይ


በ19ኛው ዓመት፣ በ6ኛው ወር፣ ቀን 22
ከኮማኪ

ለተከበሩት ለጋሼ ቶኩዞ፤

ዝናቡ ገብቷል፤ ችግኝ ተክለን ጨርሰናል። ጤናዎ እንዴት ነው?

መልስዎ አልመጣም። ቀለበቷ ጠፍታ ይሆን? ጠባም ከሆነ አያስከፋኝም። አቶ አዋኖ ዛሬም «አወረደችኝ» ይላሉ? እኔ አሁንም ለሁሉም እያንጠለጠልኩ ነው። አባባ «ደብዳቤ በመርከብ ነው የሚመጣው፤ መርከብ ደግሞ በሬ አይደለም፤ መንገድ ይስታል» ይላሉ። ሁለት ቃል ይበቃኛል።

ኑይ


በ19ኛው ዓመት፣ በ7ኛው ወር፣ ቀን 5
ከደቡብ፣ በሰው እጅ

ኑይ፤

ሰላምታውን በልብሽ ሙዪው፤ ጊዜ የለኝም። ይህን የሚያመጣልሽ ሙቶ የሚባል አብራሪያችን ነው፤ አዲስ አውሮፕላን ሊወስድ ካካሚጋሃራ ይመጣል። መርማሪ ስለማያየው በግልጽ እጽፋለሁ፤ እንድታነቢውም በቀላል ፊደል ጽፌዋለሁ።

አዋኖ ሞቷል። ገና በ4ኛው ወር መጨረሻ ነው፤ ቀለበትሽ ሳትደርሰው። ጠላት እንኳ አልነበረም። ከሜዳው ተነሥቶ ባሕሩ ላይ ወደ ግራ ዞረ፤ ከመዞሪያው ግን አልተመለሰም። እንደ ዞረ ሄዶ ውኃው ውስጥ ገባ። ጥልቅ ስላልነበር አወጣነው። አውሮፕላኗንም እኔ ፈታኋት። አብራሪው ጭራዋን የሚያዞርበት ሽቦ በሚያልፍባት ትንሽ መዘውር ላይ ገለባ ተጠምጥሞ ነበር። ከመውደቋ በፊት ተጠምጥሞ ይሁን ወይም ውኃው አምጥቶት፣ አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም። ለማንም ሳልናገር ገለባውን ኪሴ ከተትኩት።

ስሚኝ። ያየሁት እኔ ነኝ። ላወጣው ስችል የተውኩት እኔ ነኝ፤ መካኒክ ነኝ፤ አንቺ ገለባ ሲደርቅ የት እንደሚገባ ማወቅ አይጠበቅብሽም ነበር። መልስ ያልጻፍኩት ምን ብዬ እንደምጀምር ስላጣሁ ነው።

አሁን ግን ልቅሶውን ተዪውና ይህን ብቻ አድርጊ። ዳግም እንዳታንጠለጥዪ። እዚያ ሜዳው ላይ የቆሙት ሳይነሡ ይውጣላቸው። ለማን እንደምትናገሪ አላውቅም፤ ብትናገሪ አጎቴን ያስሯቸዋል፤ ባትናገሪ ሙቶም ሌሎቹም በአንቺ ገለባ ይበራሉ። እዚህ የደረሱትን እኔ እፈትሻለሁ።

ቶኩዞ


በ19ኛው ዓመት፣ በ7ኛው ወር፣ ቀን 14
ከካካሚጋሃራ ሜዳ ዳር፣ በአቶ ሙቶ እጅ

ለተከበሩት ለጋሼ ቶኩዞ፤

በሕይወት ያሉ ይመስለኛል ብዬ እጀምራለሁ። ሌላ ሰላምታ አልመጣልኝም።

ትናንት ረፋድ ላይ ሙሽራዋን አራግፈን ኩማን ከጋሪው ፈትተን ውኃ ስናጠጣ አንድ ረጅም ሰው መጣ።

«ግራኟ ኑይ የምትባለው የትኛዋ ናት?»

«ያቺ ከበሬው ኋላ የተደበቀችው» አሉ አባባ።

«እኔ ደግሞ ሁለት ጭራ ያለው በሬ መስሎኝ ነበር!» አለ ጉንጉኔን እያየ። ደብዳቤዎን ሰጥቶኝ፣ «ወንድምሽ ኮስተር ብሎ ነው የሰጠኝ። የፍቅር ደብዳቤ ከሆነ ስመለስ አሾፍበታለሁ» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ጋሪው ሥር ተቀምጬ አነበብኩት። እኔ ሳነብ ዘገምተኛ ነኝ፤ በጣቴ እየተከተልኩ ነው። «አዋኖ ሞቷል» የሚለው ላይ ጣቴ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንዳነበብኩት አላውቅም። ስጨርስ ሞተር ተነሥቷል። ቀና ስል አቶ ሙቶ አውሮፕላኗ ውስጥ ተቀምጧል። ቁጥሯን አወቅሁት። በዝናቡ ወር እኔና ኩማ ያመጣናት ናት።

ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። ቢወጣስ ማን ይሰማዋል? መላው ሜዳ በሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ጥበቃዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። አባባ ጫማ እያራገፉ ነበር። እጄ ላይ የነበረው የኩማ የአፍንጫ ገመድ ብቻ ነው።

ይዤው ሄድኩ። መሮጥ እንደማያውቅ ያውቃሉ። ሙሽራ ከኋላው ያለች ይመስል እየረገጠ፣ በዚያ በለመደው እርምጃ፣ ሳሩን አቋርጦ አውሮፕላኖች የሚሮጡበት መሐል ገባ። ስቆም ቆመ። አውሮፕላኗ መንቀሳቀስ ጀምራ ነበር። ፕሮፔለሯ አይታይም፤ የሚታየው ክብ ጭጋግ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ቀንዱ ሥር እጄን አስገባሁ። አልተነቃነቀም፤ አባባ እንዳሉት አልደነገጠም። ሞተሩ ጠፋ።

«ግራኟ!» አለ አቶ ሙቶ ከመቀመጫው ተነሥቶ፤ «በሬሽ መብረር አማረው እንዴ?»

ሰው ሁሉ እየጮኸ ሮጠ። መጀመሪያ የደረሱት ሽማግሌው ኢዋሴ ናቸው። ለእሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ጭራዋ ውስጥ ገለባ አለ። የመቅደስ አይደለም። እኔ ነኝ ያንጠለጠልኩት። ሁሉም ላይ» አልኳቸው። በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ፊታቸው እንደ ሸራው ነጣ። «ይህን ቃል ዳግም እንዳትናገሪው» አሉኝና ለመኰንኑ ዞረው፣ «በሬው አምልጦ ነው! ልጅቷ ልታቆመው ነው የሮጠችው!» ብለው ጮኹ። ቀጥለውም ሞተሩ ሲጠፋ ከጭራዋ ያልወደድኩትን ድምፅ ሰምቻለሁና የቆሙት ሁሉ ይፈተሹ አሉ። የአቶ ሙቶን ራሳቸው ገቡባት። ሲወጡ ቀለበቷ እጅጌያቸው ውስጥ ነበረች። ግማሿ ተፈትታ፣ አንዱ ዘለላ የሽቦው መዘውር ላይ ተኝቶ አገኙት።

ማታ ጋሪያችን ዘንድ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። «ይህን ሁሉ ወር ባርኔጣዬን ሳወልቅ የነበረው ለበሬ ጫማ ነው?» አሉ። «ሥራዬ መፈተሽ ነበር። እኔ ግን ስግደት ቀለለኝ» አሉና ሄዱ።

መኰንኑ በሬውን መያዝ አልቻልክም ብሎ አባባን ሁለት ጥፊ መታቸው። አባባ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። ኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ደብዳቤውንም አነበብኩላቸው። ከዚያ፣ «አፍ ባይኖርሽ እጅ አለሽ እልሽ ነበር። እግርም እንዳለሽ ግን አላወቅሁም ነበር» አሉ።

ከአዲስ ዓመት ወዲህ ወደ እናንተ የመጡትን ሁሉ፣ ሁሉንም ይፈትሹ። ቀሚሷ ጫፍ፣ ከግራ በኩል፣ ከሁለተኛው ሽቦ ሥር ነው። አቶ ሙቶ ነገ ጎሕ ሲቀድ ይነሣል። ለምን አቆምሽኝ ሲለኝ ጋሼን ይጠይቁ ብዬዋለሁ።

ስለ አቶ አዋኖ መጻፍ አልችልም። ያ የእጅ ቀለበት ከደረሰዎት ባሕሩ ውስጥ ይጣሉት።

ኑይ


በ19ኛው ዓመት፣ በ9ኛው ወር፣ ቀን 2
ከደቡብ

ለእህቴ ለኑይ፤

ሙቀቱ በረድ ይል ይሆን ብለን የምንጠብቅበት ወር ነው፤ እናንተ ዘንድ ሩዙ አንገቱን ደፍቶ ይሆናል። ለአጎቴ ጉንጭ ጤና እመኛለሁ።

ሙቶ ሙሽራዋን ይዞ በሰላም ገባ። ለሁሉም የሚያወራው አንድ ታሪክ ብቻ ነው፤ ጥቁር በሬ መንገድ ዘግቶ ሰላምታ እንዳስሰጠው። ማታ ለብቻው ነገርኩት። ሳቁን አቆመ፤ ጠዋት ግን ታሪኩን እንደገና ጀመረው፤ አሁን ሲያወራው ግን ጎንበስ ይላል።

እዚህ ያሉትን ሙሽሮች ሁሉ ቀሚሳቸውን ጠርጌያለሁ። ያልሽው ቦታ ላይ ነበሩ። ከእነሱ አንዷን ግን ልጠርጋት አልቻልኩም፤ ቀድማኝ ሄዳ ነበርና፤ አልተመለሰችም። ከሄዱት የማይመለሱ ብዙ ናቸው፤ በምን እንደሆነ አይታወቅም። ይህን የምነግርሽ እንድትጨነቂ አይደለም። አንዳችን ብቻውን ከሚሸከመው ሁለታችን እንሸከመው ብዬ ነው።

የእጅ ቀለበቷን እንዳልሽው አደረግሁ። አዋኖ የወደቀበት ቦታ ላይ።

አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ከእንግዲህ ካኪም አልፈልግም። ከኩማ ጭራ ትንሽ ጠጕር ቆርጠሽ ላኪልኝ። ያ ጥጃ እኔ ስጎትተው አንድም ቀን ተነሥቶልኝ አያውቅም፤ አንቺን ግን ተከትሎ እዚያ ድረስ ሄደ። ሲያኩለት አሁንም ዓይኑን ይጨፍናል? ኩማ እንዴት ነው?

ቶኩዞ


በ19ኛው ዓመት፣ በ10ኛው ወር፣ ቀን 27
ከኮማኪ

ለተከበሩት ለጋሼ ቶኩዞ፤

ሩዙ ታጭዷል፤ አዲሱ ገለባ ጎተራው ውስጥ ነው። እርስዎ ካሉበት የሚመጣው ወሬ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ጤናዎን የምጠይቅበትን ቃል ሁለት ጊዜ ሰርዤ ጻፍኩት። ይህች ደብዳቤ ስትደርስ ተቀምጠው ያንብቧት፤ ቆመው አይደለም።

የጠየቁት ጠጕር ከዚህ ጋር አለ። በክር ነው ያሰርኩት፤ በገለባ አይደለም።

እስከ ዛሬ በየደብዳቤው «ኩማ ደህና ነው» ብዬ ጽፌያለሁ፤ እውነትም ነበር። ፈረሶቹ መጡ። ሌሎቹ በሬዎች ለእርሻ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ኩማ ግን «ያመለጠ በሬ» ተብሎ ስሙ ተጽፏል፤ አመለኛ በሬ ለእርሻም ለመንገድም አይታመንም ብለው ለሠራዊቱ ስንቅ አዘዙት። አባባ ሄደው ለመኑ። ሽማግሌው ኢዋሴም ሄደው ነበር። በሬው አላመለጠም ብሎ መናገር ግን እኔ ያደረግሁትን መናገር ነው፤ አባባ ይህን እንዳልናገር በእናቴ መቃብር አስማሉኝ።

ሊወስደው የመጣው ሰው ከሩቅ ወረዳ ነው፤ ኩማን አያውቀውም። መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ ጫማ ያስፈልገዋል አልኩት። ሰውየው፣ «የት የሚደርስ መሰለሽ? ለዚያ ጫማ?» አለኝ። ተቀምጬ ከአዲሱ ገለባ አራቱንም ገመድኩ። በግራ እጄ። አባባ አጠገቤ ቆመው አዩኝ፤ ለአማልክት የሚገመደውን አላሉኝም። እኔ ስጨርስ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ራሳቸው አሰሩለት።

ቀንዱን አከክሁለት። ዓይኑን ጨፈነ።

ጋሪም ሙሽራም አልነበረውም፤ ባዶውን ነው የሄደው። ሰውየው «ፍጠን፣ አንተ!» እያለ በዱላ ይነካካው ነበር። ኩማ ግን ከኋላው የሚሰበር ነገር እንዳለ ሁሉ፣ ቀስ እያለ ሄደ።

ኑይ